ባዶ የነበሩት አራት ሳጥኖች

ግድግዳ ይባል እንጂ ኮምፔንሳቶ ነው። ከወዲያ ሰው ሲገላበጥ ከወዲህ ያለው ይነቃል፤ ከወዲያ ስታስነጥስ ከወዲህ «ይማርሽ» ይባላል። የሚስቱ ታናሽ እህት ከእነሱ ጋር መኖር የጀመረች ጊዜ መኝታ ቤቱን ለሁለት የከፈለው ሽቦ ራሱ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በተዋሰው መጋዝ። «ለጊዜው ነው» ብሎ ነበር፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ። ሽቦ ስሙ አይደለም፤ በውሃ አከፋፋዩ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ስለሆነና ከኪሱ ሽቦ ስለማይጠፋ ባልደረቦቹ ያወጡለት ነው፣ አሁን አሁን ሚስቱም ስትናደድ ትጠራበታለች። ያን ዕለት ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያጠልቅ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ እህትማማቾቹ ሲያወሩ ሰማ። መስማት አልፈለገም፤ ግን የት ይሂድ።

«ዛሬ በስምንት ሰዓት ነው የጠሩኝ፤ እስከዚያ ቢሮ አልገባም» አለች ታናሽየዋ። «ውልሽን እናቋርጣለን ሊሉኝ ነው።»

«እነሱ ናቸው እንደዚያ ያሉሽ?» አለች ሚስቱ።

«ደብዳቤው ‹ስለ ሥራ አፈጻጸምሽ› ይላል። ሌላ ምን ሊሆን ነው? እስከዚያ ሰኞ ድረስ ደህና ነበርኩ እኮ። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ነው ስሌቱ እየተንቀረፈፈ ያስቸገረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እላዩ ላይ ተኝቼ አደርኩ፣ ስህተቴን ላገኘው አልቻልኩም።» የሽቦ ሁለተኛ ካልሲ እጁ ላይ ቀረ። «ጭንቅላቴ ደንዝዟል መሰለኝ። ድሮም እናንተ ጎበዝ ናት ስላላችሁ ነው እንጂ ጎበዝ አልነበርኩም ይሆናል።»

ይህን ያለችው እንግዲህ ቀመር ናት። ቤተሰቡ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀመር ነው የሚላት፤ በስድስት ዓመቷ ደረጃ ስትወጣ ደረጃውን፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ የሚያልፈውን ጎማ ሁሉ ስትቆጥር የኖረች ልጅ ናት፣ ካደገችም በኋላ አመሏ አልለቀቃትም። መሥሪያ ቤቱ የቀጠራት የከተማውን ውሃ በስሌት እንድታድል ነው። በማጠራቀሚያዎቹ ያለውን ውሃ፣ የቧንቧውን ግፊት፣ የየሰፈሩን ሰው ብዛት አስገብታ የጻፈችው ፕሮግራም በየቀኑ ሊነጋጋ ሲል አሥር ሰዓት ላይ ይነሳና የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት ውሃ እንደሚያገኝ ያወጣል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቧንቧ ከፋቾቹ ወረቀቱን ይዘው ይወጣሉ። ድሮ ስሌቱ በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዎቹ ደግሞ ቆመው አይጠብቁም፣ ያለፈውን ቀን ወረቀት ይዘው ይሄዳሉ። ታችኛው ሰፈር ውሃ በየቦዩ ሲፈስ ላይኛው ሰፈር ቧንቧው አየር ይተፋል። በጋሪ የሚመጣው ውሃ አንዱ ጀሪካን ዋጋው ከአንድ ኪሎ ስኳር በልጦ ቁጭ አለ። የሽቦ ቤት ላይኛው ሰፈር ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ እስኪጠፋ ጀሪካን ተደርድሯል፣ ቀመርም ጠዋት ጠዋት በመካከሉ ስታልፍ የሰፈሩን ሁሉ ጥም ያመጣች ይመስል አንገቷን ደፍታ ነው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ ሽቦም ስህተቱ የሷ መሆኑን አንድ ቀን አልተጠራጠረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የእስክሪብቶዋን ጭረት፣ የደብተሯን ገጽ መገለጥ እየሰማ ከንፈሩን ሲመጥላት ነበር። «ልፊ ያላት፣ አንድ ቦታ ስታለች» ይልና ፊቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ ይተኛል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ ጠይቃውም ነበር። «ጋሼ፣ ማሽኑ ላይ የተነካ ነገር ይኖር ይሆን?» አለችው። እሱም አፉን ሞልቶ «ማሽኑማ ሰላም ነው፤ እንዲያውም ለብቻሽ ስምንት ኮር ሰጥቼሻለሁ» አላት፤ ኮር የሚሉት ስሌቱን የሚሠራውን የማሽኑን የአንጎል ክፍል ነው። አመስግናው ገባች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

ቁርስ ላይ ሻይ አለ፣ የትናንት ዳቦ አለ፣ በጠረጴዛው ሌላ ጫፍ የሚስቱ የስፌት መኪናና ጫፋቸው ያልተቀመቀመ ሦስት ሱሪዎች አሉ። ቀመር «ጋሼ፣ ስኳር ላቀብልህ?» አለችው፣ እሱም ስኳር እንዳደረገ እያወቀ ተቀብሎ ደገመበት። ሚስቱ እስከ በሩ ተከትላው ወጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንድ ነገር በልላት እንጂ» አለችው። «አለቃህ ይሰማሃል።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው አንተ።»

ክፍት ቦታ መኖሩን ለቀመር የነገራት እሱ ነው፤ ፈተናውን ተፈትና አንደኛ የወጣችው ግን እሷ ናት። ቢሆንም በየኮሪደሩ «በዋርሳዋ ገባች» መባሉ አልቀረም፣ ሽቦም ያን ወሬ ስለሚፈራ ሁለት ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሟን አንስቶ አያውቅም። ባልደረቦቹ ሲያሟት እንኳ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኮምፒውተሩን ያያል። ጨዋነት ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጫ አግኝቶ መቀመጥ አልቻለም። አንዴ ብረቱን ይዞ ይቆማል፣ አንዴ ወደ በሩ ይጠጋል፤ አንዲት ሴትዮ «ልትወርድ ነው ወይስ ልትጨፍር?» አሉት። ያ ሰኞ የሚለው ነገር ከጆሮው አልወጣ አለ። የትኛው ሰኞ? ወደ ኋላ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባለፈው ወር የመጨረሻው ሰኞ። በዚያ ሰኞ እሱ ምን ሲሠራ ነበር? ማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል የሰቀለበት ቀን ነው። ሥዕሉን ሰቅሎ፣ እጁን አራግፎ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮሮቹን ለፕሮግራሞቹ ያከፋፈለበት ቀን። ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ወርዶ በእግሩ ሮጠ ማለት ይቻላል፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ ቦርሳው ጎኑን እየደበደበው።

የማሽን ክፍሉ መስኮት የለውም። ዓመቱን ሙሉ ማቀዝቀዣው ስለሚነፍስ በሩ ጀርባ ለጋራ የምትለበስ አንዲት ጃኬት ተሰቅላለች፣ እጅጌዋ ነትቦ ክሩ ወጥቷል። ትልቁ ሰርቨር ጥግ ላይ ቀንና ማታ ያጉረመርማል። ከሱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ በመስታወትና በክፈፍ ያማረው ሥዕል አለ። አንድ ፕሮግራም አለ፣ ስታዝዘው የማሽኑን ፕሮሰሰር ሆድ ዕቃ በሥዕል የሚያወጣልህ፤ ስንት ኮር እንዳለው፣ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደተቀመጠ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር ምን እንደሚጋራ በሳጥን በሳጥን አድርጎ ያሳይሃል። የዚህኛው ማሽን ሥዕል ስምንት ሳጥን ነው፤ ስምንት ኮር። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ምክንያቱም አንዱ ኮር ሁለት ሥራ በየተራ መያዝ ይችላል፣ አንዲት ምግብ ሠሪ ሁለት ድስት ጥዳ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን እንደምታማስለው። ስምንት ምግብ ሠሪ፣ አሥራ ስድስት ድስት። በየድስቱ ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ሁለት ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ አንደኛው ሥዕሉ ራሱ ከግራ ወደ ቀኝ የሚቆጥርበት ነው፣ ሁለተኛው ማሽኑ ድስቱን የሚጠራበት። ሁለቱ አይገጥሙም። ሙያተኛ ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ሽቦም ያውቃል።

ሥራ አስኪያጁ ግን እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ፈለገ። መጀመሪያ የወጣውን ሥዕል አይቶ «ይሄ ሁሉ ቁጥር ዓይን ያደክማል፣ አንዱ አይበቃም?» አለ። ሽቦም «ይበቃል» አለ። ሥዕል አውጪውን ፕሮግራም መልሶ አዘዘው፣ የማሽኑን ቁጥር አስጠፋ፣ የሥዕሉን ቁጥር ብቻ አስቀረ። ንጹሕ፣ ያማረ፣ ከዜሮ እስከ አሥራ አምስት በቅደም ተከተል። ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ሽቦም ደስ አለው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የቀመር ስሌት ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ጋር እንዳይጋፋ ብሎ ከየምግብ ሠሪው አንድ አንድ ድስት ሊሰጣት አሰበ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ዜሮ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ እያለ እስከ አሥራ አራት ጻፈ። ለማሽኑ ሰጠ። ያጠፋው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ትዝ አላለውም።

አሁን ፕሮግራሙን እንደ አዲስ አስነስቶ ሁለቱንም ቁጥር አስወጣ። ቁጭ ብሎ አየው። በማሽኑ አቆጣጠር ከዜሮ እስከ ሰባት የየምግብ ሠሪዋ የመጀመሪያ ድስት ነው፤ ስምንት ሲል ተመልሶ ወደ አንደኛዋ ምግብ ሠሪ ሁለተኛ ድስት ይመጣል፣ አሥር ሲል ወደ ሦስተኛዋ። የቀመርን ስምንት ሥራ በሙሉ አራት ምግብ ሠሪዎች ላይ ጭኖታል፣ ሁለት ሁለት አድርጎ። የቀሩት አራቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በየቀኑ በሚከፍተው መቆጣጠሪያ ላይ እኮ አሥራ ስድስቱ መስመሮች አንዱ ሞልቶ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሞልቶ አንዱ ባዶ ሆነው ሲታዩ ነበር፤ እሱም እንዴት ደስ የሚል አደላደል እያለ ይዘጋዋል። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ያለው ያኔ ነው።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስምንቱን ቁጥር ቀየራቸው። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ የትናንቱን መረጃ ሰጥቶ ስሌቱን እንደገና አስነሳውና እስኪያልቅ ላይ ታች ማለት ጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ተመለሰ፣ ሻይ ቀድቶ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ፣ ጃኬቷን ለብሶ አወለቀ። ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባው አንድ ገመድ ተሳስቶ ቢነቅል ወደ ቆጣሪ መጋዘን ተወርውሯል፤ እስከ ዛሬ የተበላሸ ቆጣሪ አቧራ እያራገፈ ነው። የቤት ኪራዩ የሚወጣው ከሽቦ ደመወዝ ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ደግሞ የደረጃ ዕድገት ዝርዝሩ ይወጣል፣ ስሙም አለበት። ስሌቱ በአንድ ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ አለቀ። ሽቦ ለሥራ አስኪያጁ ባጭሩ ጻፈለት፤ «የውሃ ስርጭቱ ስሌት አሁን በአንድ ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ይጠናቀቃል።» ለምን እንደዘገየ፣ ማን እንዳዘገየው አልጻፈም። ስሌቱ ከተስተካከለ ማን ያባርራታል? ሁሉም ነገር ዝም ብሎ መጣ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እንዲህ አስቦ ተነፈሰ፣ መተንፈሱም ደግሞ አሳፈረው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኞች ክበብ ሩዝ ቀርቦለት ማንኪያውን እንዳነሳ ሥራ አስኪያጁ ከኋላ መጥቶ ትከሻው ላይ እጁን ጣለ። ክፉ ሰው አይደለም። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሁሉን ነገር በልክ በልኩ የሚወድ፣ የሠራተኛ ልጅ ሲታመም የሚጠይቅ ሰው ነው። ከፊት ለፊቱ ተቀመጠና ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«መልእክትህን አየሁት። ደብዳቤ ሲደርሳት ስሌቱ ተስተካከለ፣ አይደል? እኔ እኮ አልቻለችም ብዬ አዝኜላት ነበር። ለካ እያወቀች ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የከተማውን ሕዝብ በውሃ ጥም ስትቀጣ፣ ፍርሃት ሲይዛት በአንድ ጠዋት አስተካከለችው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዘመድህ መሆኗን አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ ላለ ሰው የሥራ ልምድ ወረቀትም አልጽፍም። ለአስተዳደር ነግሬያለሁ።»

ሽቦ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ እንዳዘነለት ሁሉ ክንዱን ጨብጦት ተነሳ። እንግዲህ ይህን ጉድ ማን ይስማ፤ ዝም ብሎ ያስተካከለላት ነገር ሰነፍ ከመባል አውጥቶ ተንኮለኛ አስባላት። ያለ ልምድ ወረቀት ማን ይቀጥራታል? ሁለት ዓመት የት ነበርሽ ሲሏት ምን ትላለች? ሳህኑን እንዳለ ትቶ ወጣ። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ። ዘበኛው «የጠፋብህ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው፣ «አይ፣ ተገኝቷል» አለው። ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሲሆን ወደ ማሽን ክፍሉ ገብቶ ሥዕሉን ከነክፈፉ ከግድግዳው አወረደ፣ ከሥሩ ያለው ቀለም ከሌላው ነጥቶ ታየ። ብብቱ ሥር ይዞት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ ገና በሩ ላይ። «የሷ ፕሮግራም ምንም አልሆነም። ኮሮቹን ሳድል ቁጥር ተሳስቼ ነው። ዛሬ ጠዋት ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ፤ እሷ ጭራሽ ቢሮ አልገባችም።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «ሽቦዬ፣ ሰውነትህን አደንቃለሁ» አለ። «ዋርሳህ ናት። አንድ ቤት ነው የምትበሉት። ባለቤትህ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳለችህም መገመት አያቅተኝም። ግን በራስህ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አታምጣ።»

«እውነቴን ነው የምልዎት። ሥዕሉን ይዩት።»

«አየሁት። እኔው አይደለሁ ያሰቀልኩት? ስምንት ሳጥን ነው። ምን ልየው?»

ሽቦ አፉን ከፍቶ ስለ ምግብ ሠሪዎቹና ስለ ድስቶቹ ሊናገር ጀመረ፣ መሃሉ ላይ ሰውየው ሰዓቱን ማየቱን አየና አቆመ። እውነቱን ሊመሰክር የሚችለው ነገር እጁ ላይ ነበር፣ ግን ሊያነበው የሚችል ሰው ሕንፃው ውስጥ ከሱ ሌላ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ይኸው ጸሐፊዋ በሩን ከፍታላት እየገባች ነው። ቀመር ግራጫ ሹራቧን ለብሳለች፣ ጥቁር ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሽቦን እዚያ ስታየው ደነገጠች።

«እሷ ታንብበው» አለ ሽቦ። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ስምንቱን ቁጥሮች የጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አጠገቡ አኖረ። «ለስሌትሽ የሰጠሁሽ እነዚህን ነው።»

ቀመር ጎንበስ ብላ አየች።

«ሥዕሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች የማን ናቸው? የራሱ ናቸው ወይስ የማሽኑ?»

«የራሱ።»

«ለማሽኑ የሰጠኸው ግን እነዚህን ነው?»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ክፈፉን ገለበጠችና መያዣዎቹን በጥፍሯ ከፍታ ወረቀቱን ከመስታወቱ አወጣችው። ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሳች፣ የሥራ አስኪያጁ ነው፣ አላስፈቀደችም። በየትንሹ ሳጥን ላይ የጎደለውን ቁጥር ጻፈች፣ ከዜሮ እስከ አሥራ አምስት፣ ከቃሏ። ከዚያ ብጣሿን እያየች ሥራ የነበረባቸውን አንድ በአንድ አጠቆረች። ዜሮ። ሁለት። አራት። ስድስት። ስምንት ስትደርስ እጇ ወደ መጀመሪያው ሳጥን ተመለሰ፣ አሥር ስትል ወደ ሦስተኛው፣ አሥራ ሁለት ስትል ወደ አምስተኛው፣ አሥራ አራት ስትል ወደ ሰባተኛው። ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞረችለት። አራት ሳጥኖች ከዳር እስከ ዳር ጠቁረዋል፣ በየመካከላቸው አራት ሳጥኖች ነጭ ናቸው። ይህን ለማንበብ ሙያ አያስፈልግም።

«እነዚህስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ጣቱን ነጮቹ ላይ አድርጎ።

«ባዶ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ሦስት ሳምንት።» ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። «የሱ ስህተት ነው።»

ሽቦ ይህን እንድትል ነበር የመጣው፣ ስትለው ግን ባዶውን ክፈፍ ከጠረጴዛው አንስቶ ያዘ። ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየ። «ዘመዳሞች ተመካክራችሁ እንዳይሆን» አለ፣ ግን እንደ ቅድሙ እርግጠኛ አልነበረም።

«ልዋሽለት ብፈልግ ኖሮ ስህተቱ የኔ ነው እል ነበር» አለች ቀመር። «እዚህ በር ላይ እስክደርስ ድረስ የማምነውም እሱን ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አነሳ። ቀመር የጻፈቻቸውን ቁጥሮች፣ ቀድሞም የነበሩበትን ቦታ፣ እየተከተለ ሲያይ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ሽቦ አየው። ይሄ ሁሉ ቁጥር ዓይን ያደክማል ያለው ትዝ ብሎታል። ሽቦ ሊናገር ይችል ነበር። አፉ ላይ ደርሶ ነበርም። ግን አጥፋው ያለው ሥራ አስኪያጁ ቢሆንም ሁለቱ ቁጥር እንደማይገጥም እያወቀ ያጠፋው እሱ ነው፣ ተሳስቶ ያደለውም እሱ ነው፣ ስትጠይቀው ደረቱን ነፍቶ የመለሳትም እሱ ነው። ዝም አለ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና ፈጠን ፈጠን እያለ መናገር ጀመረ፤ የቀመር ውል ይታደሳል፣ ደብዳቤው ከፋይሏ ይወጣል፣ ለሽቦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ የዕድገቱ ነገር ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል። «ሥዕሉንም ከነቁጥሩ ስቀለው» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ወደ ቤት የሄዱት በአንድ አውቶቡስ ነው፣ ግን እሷ ከፊት እሱ ከኋላ። ከፌርማታው እስከ ቤት ያለውን ዳገትም እንዲሁ ወጡ። አንድ ጊዜ ጀሪካን የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ሁለቱም ዳር ይዘው ቆሙ፣ ባለ ጋሪው «ውሃ ይፈልጋሉ?» ሲል ሽቦ «ነገ ይመጣል» አለው። ሰውየው ሳቀበት። ቀመር አልሳቀችም።

ማታ ሾርባ ቀረበ። ሚስቱ ከሁለቱ ፊት አንብባ ለመረዳት ሞከረች፣ አልተሳካላትም። ሱሪዎቹን እየቀመቀመች፣ የስፌት መኪናውን እያንኮራኮረች ትንሽ ታገሰችና አልቻለችም። «ኧረ አንድ ሰው ይናገር። ምን አሉሽ?»

«ውሌ ይቀጥላል» አለች ቀመር። «ስህተቱ የኔ አልነበረም።»

«ተመስገን። የማን ነበር ታዲያ?»

ቀመር ሾርባዋን አማሰለች። ሽቦ «የኔ» አለ። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ሚስቱ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን አላቀቀች፣ እህቷን አየችና ተወችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽቦ ሁሉንም በቅደም ተከተል ተናገረ፤ ሥዕሉን፣ የጠፋውን ቁጥር፣ አራቱን ሥራ ፈት ኮሮች፣ ጠዋት ዝም ብሎ ማስተካከሉን ጭምር። መጨረሻ ላይ ማንም ያልጠየቀውን ጨመረ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጽፊ እሰማሽ ነበር። እኔም አንድ ቦታ ስታለች እል ነበር።»

ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ጠይቄህ ነበር» አለች። «‹ስምንት ኮር ሰጥቼሻለሁ› አልከኝ። ማሽኑን አመንኩ፣ አንተን አመንኩ። የምጠረጥረው ሰው ሲጠፋ ራሴን ጠረጠርኩ።» ጋሼ አላለችውም፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አላለችውም። ተነስታ ጥቁሩን ደብተር አመጣችና ፊቱ አስቀመጠችው። «ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረህ አንብበው። ስህተት ካገኘህ ግድግዳውን አንኳኳ።»

ገብታ በሯን ዘጋች። ሚስቱ ሾርባውን አነሳሳች፣ ስታልፍ ትከሻውን ነካ አድርጋው ሄደች። ሽቦ የስልኩን ማስያ ከፍቶ፣ ማስመሪያ ከየመስመሩ ሥር እያስያዘ ጀመረ። የስሌት ሰው አይደለም፤ ግን መደመርና ማባዛት ማን ያቅተዋል? እያንዳንዱ ሰፈር በስሙ አለ፣ እያንዳንዱ ቧንቧ በርዝመቱ አለ፣ ማሽኑ ያወጣውን ሁሉ በእጇ ደግማ አውጥታዋለች፣ ልክ መጥቶላት ደግሞ ማመን አቅቷት ሦስተኛ ጊዜ አውጥታዋለች። አርባኛው ገጽ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል «ምን ሆነሻል?» ብላ ጽፋለች። ሰባ አንደኛው ገጽ ላይ «እባክሽ» የሚል አለ። እነዚህን ሲያይ ማስያውን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፣ ከዚያ መልሶ አነሳው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረህ ተብሏላ። መጨረሻው ገጽ የትናንት ቀን አለበት። እሱንም አባዝቶ ደምሮ ጨረሰ፣ ደብተሩን ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ፣ ኮምፔንሳቶው አጠገብ ቆመ። ከወዲያ መብራቱ ገና አልጠፋም፣ ነቅታ ነው ያለችው። እጁን አንስቶ እንጨቱ ላይ አሳረፈና ቆየ። የሚያንኳኳበት አንድም ነገር አላገኘም።